አንድ ያጣላል

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ቤት። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ከቆቦ ሲመጡ ሳምንት ሳይሞላቸው ነበር የሚመለሱት፤ ዘንድሮ ግን ጉልበታቸውን ሊታከሙ መጥተው ሁለት ወር ቆዩ። እኔ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። ያን ቀን ገበያ ወጥቼ ለልጄ ለማሙሽ የሰው ሚዛን ይዤ ገባሁ። ጭቅጭቁ ከዚያ ተነሣ። ከተባባልነው የማስታውሰውን ሁሉ አስፍሬዋለሁ፤ የተረታሁበትንም ጭምር።

እትዬ፦ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ሚዛን ምን ያደርግልሻል? እህል ልትሸጪ ነው?

እኔ፦ የሰው ሚዛን ነው፣ እትዬ። ማሙሽን በየሳምንቱ ልመዝነው ብዬ ነው።

እትዬ፦ ምን ሆነብኝ ብለሽ? ልጁ እንዲህ አምሮበት! ያን ጊዜ ስመጣ እኮ አንገቱ የዶሮ አንገት ነበር። አሁን ነው ልጅ የመሰለው።

እኔ፦ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ 42 ኪሎ ሆኗል። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ አማካዩ 28 ኪሎ ገደማ ነው።

እትዬ፦ እሰይ! የእኛ በለጠ በያ። ልጅ ቢያንስ ነው እንጂ የሚያሳስበው ቢበልጥ ምን ክፉ አለው?

እኔ፦ ትናንት ደረጃ ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ያለከልክ ነበር። እርስዎ በ72 ዓመትዎ፣ በዚያ በሚያምዎት ጉልበት ቀድመውት ገቡ።

እትዬ፦ እኔማ ዞብልን ስወጣና ስወርድ ያደግሁ ነኝ። ከእኔ ጋር ምን ያወዳድረዋል?

እኔ፦ የሚያስፈራኝ ምን መሰለዎት? ልጁ በወፈረ ቁጥር ዘመድ ሁሉ ያመሰግነኛል። «ይዘሽዋል፣ ተባረኪ» ይሉኛል። እስካሁን አንድም ሰው «ምነው?» አላለኝም።

እትዬ፦ «ምነው» የሚባለውማ ለከሳ ሰው ነው። «ምነው ከሳሽ፣ ምነው ጠቆርሽ» ነው ወጉ። የወፈረውን «ተስማምቶሻል፣ ደልቶሻል» ነው የምንለው። ሰው የሚከሳው አንድም አሞት፣ አንድም ቸግሮት፣ አንድም ትዳሩ አልሆን ብሎት ነው። ማን ወዶ ይከሳል?

እኔ፦ ዛሬ ወዶ የሚከሳ ሞልቷል። ከፍሎ የሚከሳም አለ።

እትዬ፦ ለማን ነው የሚከፍለው?

እኔ፦ ለጂም። በየወሩ እየከፈሉ ብረት ያነሣሉ። በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሮጡና እዚያው የተነሡበት ቦታ ይወርዳሉ።

እትዬ፦ (በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።) እኛ ስንሸከም ይከፈለን ነበር። እናንተ እየከፈላችሁ ትሸከማላችሁ?

እኔ፦ ይሳቁ እንጂ፣ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው። እስቲ ቆቦ እያሉ አንድ ቀን እንዴት ይውሉ እንደነበር ይንገሩኝ።

እትዬ፦ ምን የሚነገር አለው? ጎህ ሳይቀድ ውሃ ነው፤ እንስራ ተሸክሞ መውረድ፣ መልቶ መውጣት። ከዚያ ወፍጮ። የሞተር ወፍጮ ሳይመጣ በፊት በድንጋይ ነበር የምንፈጨው፤ ተንበርክከሽ፣ ወገብሽ እስኪቆረጥ። ከዚያ እንጨት ለቀማ፣ አረም፣ ጉልጓሎ፣ ሲሆን ደግሞ ገበያ። ቅዳሜ ገበያ ሁለት ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ ነው፤ ያውም ጀርባሽ ባዶ አይሆንም።

እኔ፦ ያን ሁሉ ውለው ማታ የሚቀርበው ምን ነበር?

እትዬ፦ እንጀራ በሽሮ ነዋ! የማሽላ እንጀራ። አንዳንዴም ንፍሮ።

እኔ፦ አሁን እዚህ ቤት ምን ይቀርባል?

እትዬ፦ እንጀራ በሽሮ።

እኔ፦ አዩ? ሳህኑ ያው ነው፤ የጠፋው በዙሪያው የነበረው ነው። ውሃው ቧንቧ ሆነ፣ እንጨቱ ምድጃ፣ ወፍጮው ከሱቅ የሚገዛ ዱቄት፣ ገበያው ደግሞ ታች ያለው ሚኒ ማርኬት። እኔ ከዚህ በር ወጥቼ ታክሲ እስክይዝ መቶ እርምጃ አልራመድም። ታክሲ ውስጥ ደግሞ «ወራጅ አለ» የምለው ደጃፌ ሲደርስ ነው፤ ሃምሳ ሜትር ካሳለፈኝ እናደዳለሁ።

እትዬ፦ እውነትሽን ነው። እኔም እኮ ከመጣሁ ወዲህ እንስራ አላነሣሁም። (ትንሽ አሰቡ።) ቀሚሴ እዚህ ጋ ጠቦኛል። ውሃው ነው ያሳበጠኝ ብዬ ነበር።

እኔ፦ ውሃው አይደለም።

እትዬ፦ ገባኝ፣ ሲስተር።

(«ሲስተር» የሚሉኝ ሲናደዱብኝ ነው። ጀበናዋን ከከሰሉ አወረዱና ክዳኗን ነካ ነካ አደረጓት።)

እኔ፦ ግን ሳህኑም ያው አይደለም፣ እትዬ። ያው ነው ያልኩት ለአፍ ያህል ነው። ሽሮውን ያዩታል? ቆቦ እያለን ሽንኩርት እንዴት ነበር የሚቁላላው?

እትዬ፦ በውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ነው። ዘይት መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ለሽታ ያህል። ኑግ አስጨምቀን የምናመጣት አንዲት ጠርሙስ ነበረች፤ እሷን ይዘን ጾሙን እንዘልቅባት ነበር።

እኔ፦ አሁን ከላዩ ዘይት ያልተንሳፈፈበት ወጥ ለእንግዳ ቢያቀርቡ ምን ይባላል?

እትዬ፦ ቆጠበች ነዋ የሚባለው! ቀይ ዘይት ጥግ ጥጉን ካልታየ ምኑን ወጥ ሆነ?

እኔ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ካሎሪ ማለት ምግቡ ለሰውነት የሚሰጠው ጉልበት ነው። 120 ካሎሪ ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ይጠይቃል። ያ ከወጡ ጥግ የሚንሳፈፈው ስንት ማንኪያ ነው?

እትዬ፦ ዘይት ደግሞ እንደ እግር መንገድ ይለካል? አሁን ገና ሰማሁ።

እኔ፦ ለዓመታት በሸማቾች በኩል በድጎማ የታደለን ያ የሚረጋው ዘይት ፓልም ነው። ከስቡ ግማሽ ያህሉ ልብን የሚጎዳው ዓይነት ነው።

እትዬ፦ ታዲያ ወደ ኑጌ ልመለሳ!

እኔ፦ ለልብዎ ኑግ ይሻላል፤ ለውፍረት ግን ዘይት ዘይት ነው፣ ከኑግም ይምጣ ከፓልም። ሕዝቡ ላይ መፍረድም አይቻልም። ገበያ ላይ በትንሽ ገንዘብ ቶሎ የሚያጠግበው ዘይትና ዱቄት ነው። ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ብርቱካኑ ነው ኪስ የሚያራግፈው። ተማሪው በምሳ ሰዓት በር ላይ የሚያገኘው ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ እርጥብ፣ ቺፕስ ነው። ሁሉም ከአንድ መጥበሻ የወጣ ነው።

እትዬ፦ ጾሙስ? ጾም ያለበት ሰው እንዴት ይወፍራል? እኛ እኮ የዓመቱን ግማሽ ያህል እንጾማለን።

እኔ፦ ይኼ ጥያቄ ክፍሌ በየቀኑ ይመጣል። «ሲስተር፣ እኔ ሁዳዴን ጾሜ ነው የወፈርኩት» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ድሮ ጾም ሲባል እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ነበር፤ ከዚያም ሽሮ፣ ጎመን፣ ክክ። አሁን የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ አለ። ቅቤው ሲከለከል ማርጋሪን ገባ፤ ሥጋው ሲቀር ድንቹ ተጠበሰ። ከፍስኩ ይልቅ ጾሙ ዘይት የበዛበት ቤት አውቃለሁ።

እትዬ፦ የማንን ቤት ነው?

እኔ፦ የእኔን።

(ሁለታችንም ሳቅን። አቦሉ ተቀዳ። እሳቸው ስኒዬ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመሩ፤ ለራሳቸው ሦስት።)

እኔ፦ ይኼን እንቁጠረው። አቦል ሁለት፣ ቶና ሁለት፣ በረካ ሁለት፤ ስድስት ማንኪያ። የዓለም ጤና ድርጅት «በቀን ከዚህ ባታልፉ ይበጃችኋል» የሚለው ስኳር ወደ ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። እንግዲህ ቡና ላይ ብቻ ጨረስነው፤ ሻይ አልጠጣንም፣ ለስላሳ አልከፈትንም። አንድ የጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ብቻ ስምንት ማንኪያ ያህል አለ።

እትዬ፦ ስምንት? ማሙሽ ቅድም የጠጣው?

እኔ፦ ማን ሰጠው?

እትዬ፦ እኔ ነኝ የላክሁት። የቤት ሥራውን ስለጨረሰ ነው። ልጅ ሲጎብዝ ምን ይሸለማል ታዲያ?

እኔ፦ ድሮ እኔ ስጎብዝ ምን ነበር የሚሸልሙኝ?

እትዬ፦ አንቺማ ቆሎ ነው። ሲልልሽ ጥንቅሽ። (ማንኪያውን ስኳሩ ዕቃ ውስጥ መልሰው አስቀመጡ።) እኛ ቡና በጨው ነበር የምንጠጣው። ስኳር የበሽተኛ ነበር፤ ወላድ ስትጠየቅ፣ ሰው ሲታመም በወረቀት ጠቅልለው የሚያመጡት። አሁን ስኳር በሽታ የሚያመጣ ሆነ። ስሙም ያው «ስኳር» ነው አይደል? «ስኳር አለብኝ» ይላሉ። ቤታቸው ያለ ነበር የሚመስለኝ!

እኔ፦ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ቤታቸው ነበር። ይልቅ እስቲ ሚዛኑ ላይ ይውጡ፤ እርስዎንም ልይ።

እትዬ፦ አልወጣም።

እኔ፦ ምን ይሆናሉ? አይናከስ!

እትዬ፦ ሚዛን አልወድም። (ረከቦቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።) ሰው ሲመዘን ያየሁት ኮረም ነው፤ በ77ቱ ረሃብ። ልጆቹን ሱሪ የመሰለ ጨርቅ ውስጥ ያስገቡና እንደ ሥጋ ያንጠለጥሏቸዋል። ክንዳቸውንም በጥብጣብ ይለኩታል። መርፌዋ ዝቅ ብላ የቀረችለት ልጅ ወተት ወደሚታደልበት ድንኳን ይገባል። ትንሽ ከፍ ካለች «ይኼ ገና ይችላል» ይሉና ይመልሱታል። ለሁሉ አይበቃማ፤ እነሱስ ምን ያድርጉ? አንዲት ሴት ከፊቴ ነበረች። ልጇ ተንጠልጥሏል፣ እሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጠጋ ብዬ ሰማኋት። «አምላኬ፣ አቅልልልኝ» ነው የምትለው። ልጄ ይቅለል ብላ የጸለየች እናት በዓይኔ አይቻለሁ።

(ዝም አልኩ። እትዬ ስለ ኮረም ሲያወሩ ከዚህ በፊት ሰምቻለሁ፤ ይህን ግን ነግረውኝ አያውቁም።)

እትዬ፦ እና አንቺ «42 ኪሎ» ስትይኝ እኔ እልል ነው ያሰኘኝ። በሽታ መሆኑን የት አውቄ? ከበደ ማለት ለእኔ ዳነ ማለት ነው።

እኔ፦ አልፈርድብዎትም። እኔም ሥራ ስጀምር በ1999 ዓ.ም. ሌላ ነገር አይቻለሁ። ያን ጊዜ ለከሳ ሰው ሰፈሩ ያለቅስለት ነበር፤ «አመንማኙ ይዞታል» ይባላል። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የጀመሩት ኪሎ ሲጨምሩ ክፍላችን ውስጥ እናጨበጭብ ነበር። ደህና ሴት እንኳ ሳሳ ካለች ባሏን ይጠረጥሩባታል። እንደዚህ ያለ ዘመን ሁለት ሦስቴ ያለፈበት ሕዝብ ቦርጭ ሲያወጣ ማን ይደነግጣል? ቦርጭ ምስክር ወረቀት ነበር።

እትዬ፦ እስቲ አንቺ ውጪበት።

እኔ፦ እኔን ተዉኝ።

እትዬ፦ ሰው ስትመዝኚ ነው የምትውዪው፤ አንቺ ምን ትሆኛለሽ? አይናከስ!

(ወጣሁ። 76 አለ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው።)

እኔ፦ ክብደትን፣ ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ማካፈል ነው ሒሳቡ። 25 ከሞላ ከመጠን ያለፈ ክብደት ይባላል፤ 30 ሲሞላ ደግሞ በሽታ ተብሎ ነው የሚያዘው። እኔ 29.7 ነኝ።

እትዬ፦ ለ30 ጥቂት ፈሪ! ታዲያ ሌላውን በምን አፍሽ ነው የምትመክሪው?

እኔ፦ በዚሁ አፌ። ክፍሌ ቁርስ የሚመጣልን ቦንቦሊኖ ነው። ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጬ «ተንቀሳቀሱ» እላለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ጥፋቱን ሁሉ ለቦንቦሊኖ አልሰጠውም። እናቴ እኔን ያረገዘችው መቼ ነበር?

እትዬ፦ ነፍሷን ይማርና፣ በዚያው በ77 ነዋ። መስከረም መሆን አለበት፤ ለሰኔ ተወለድሽ። ኮረም ስንገባ አንቺ ሆዷ ውስጥ ነበርሽ። እኔ ተሸክሜ አልልም፤ ደግፌ ነው የወሰድኳት።

እኔ፦ ሆላንድ አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት፣ ጀርመኖች ምግብ እንዳይገባ ዘግተው ሕዝቡ ተራበ። ያኔ ማሕፀን ውስጥ የነበሩት ልጆች አድገው ለውትድርና በ19 ዓመታቸው ሲመረመሩ ሐኪሞች የ300,000 ያህል ወጣቶችን መዝገብ አዩ። በእርግዝናው መጀመሪያ እናታቸው የተራበችባቸው ከሌላው ይልቅ ወፍራም ሆነው ተገኙ።

እትዬ፦ ተርበው ወፈሩ? ይኼ ምን ዓይነት ነገር ነው?

እኔ፦ ጽንሱ ገና ከውስጥ ሆኖ «የምሄድበት ዓለም እህል የለውም» ብሎ ይዘጋጃል። የገባውን ሁሉ ሳያባክን እንዲያስቀምጥ ሆኖ ይሠራል፤ ጎተራ ሆኖ ይወለዳል። ወጥቶ የሚያገኘው ዓለም ችጋር ከሆነ ጎተራው ያድነዋል። ወጥቶ የሚያገኘው ዘይትና ስኳር ከሆነ ግን... በራያ ቆቦም ተጠንቷል፤ በ77 ማሕፀን ውስጥ የነበሩት ዛሬ የስኳር፣ የግፊትና የስብ ችግር ተደራርቦ የሚታይባቸው ከሌላው ይበልጥ ሆነው ተገኝተዋል። የእኛን ሰዎች ነው የምልዎት። ጎረቤቶቻችንን።

እትዬ፦ (ረጅም ጊዜ እያዩኝ ቆዩ።) እንግዲያው ሆድ ውስጥ ሆነሽም ርቦሻል ማለት ነው። እኔ እኮ እሷን ብቻ ነበር የማስበው።

(ቶናው ተቀዳ። ስኒዬ ውስጥ አንድ ማንኪያ ብቻ ጨመሩ። ምንም አላልኩም።)

እትዬ፦ ታዲያ ደማችን ነው በይኛ! ደማችን ከሆነ ምን ይደረጋል?

እኔ፦ ደም ብቻ ቢሆን እናቶቻችንም ይወፍሩ ነበር። በግንቦት 1983 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤሎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው እስራኤል ገቡ።

እትዬ፦ አስታውሳለሁ። ደርግ በወደቀበት ሰሞን።

እኔ፦ አዎ። ከዚያ ዓመታት ቀድመው በሱዳን በኩል የሄዱም ነበሩ። ሲደርሱ ቀጫጭኖች ናቸው፤ ከመካከላቸው ስኳር ያለበት ማግኘት ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመት እንደኖሩ ሐኪሞቹ ስኳር በሽታው እየገነፈለ ሲመጣ አዩ፤ ያውም ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ውፍረት። ደማቸው በአውሮፕላን አልተለወጠም። የተለወጠው ነጩ ዳቦ፣ ጣፋጩ መጠጥ፣ አውቶቡሱ፣ ወንበሩ ነው። እዚያ «ጤና ብሪዑት» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ስሙ ግማሽ አማርኛ፣ ግማሽ ዕብራይስጥ ነው። በአማርኛ ነው የሚያስተምራቸው፣ ከራሳቸው ምግብ እየተነሣ። እኛ አውሮፕላን ሳያስፈልገን እዚሁ ተቀምጠን ደረስንበት።

እትዬ፦ እኛ ስንት ሆነን? አዲስ አበባ ነው ይኼ ሁሉ፤ አገር ቤት እኮ አሁንም የሚበላ ያጣ አለ።

እኔ፦ እሱን አልክድም፤ ቁጥሩም ይመሰክርልዎታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶው ከመጠን በላይ የከሱ ነበሩ። ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ። ነገር ግን በ1992 የወፈሩት 3 በመቶ ነበሩ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው መጣ። አንድ ቤት ውስጥ የከሳ ሕፃንና የወፈረች እናት አብረው ሲመጡብኝ ካርዱን የትኛው መደብ ላይ እንደማደርገው ይጠፋኛል።

እትዬ፦ መንግሥትስ ምን ይላል?

እኔ፦ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጥንና መጥፎ ስብ የበዛባቸውን ዘይቶች ቀርጧል። «መንገድ ለሰው» የሚባልም አለ፤ ከ2011 ጀምሮ አንዳንድ እሑድ መንገድ ለመኪና ይዘጋና ሕዝቡ ይሮጥበታል። ጥሩ ነው። ግን ማሙሽ ሰኞ የት ነው የሚሮጠው? ትምህርት ቤቱ ፎቅ ነው፤ ሜዳው የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው። እዚህ ግቢ ደግሞ «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል፤ የመኪና መስታወት ይሰበራል ተብሎ። ልጁ ያለው አማራጭ ሶፋና የእኔ ስልክ ነው። የእኔ ስልክ ደግሞ የሚጣፍጥ ነገር ሲያሳየው ይውላል።

እትዬ፦ ለመኪናው መቆሚያ አለው፣ ለልጁ የለውም!

እኔ፦ አዎ።

እትዬ፦ እሺ፤ እኔን ምን አድርጊ ነው የምትዪኝ? ልጁ እየራበው ልይ? እሱን አታዝዢኝ፤ አልችልም። ከቶ አልችልም።

እኔ፦ ማንም አይራብ። እኔ የምለምንዎት አንድ ቃል እንዲተዉልኝ ነው።

እትዬ፦ የትኛውን?

እኔ፦ «በሞቴ»።

እትዬ፦ ምን ማለትሽ ነው?

እኔ፦ ልጁ ጠግቦ ሲነሣ «በሞቴ ይቺን ብቻ» ይላሉ። እኔም ለእንግዳ እላለሁ፤ ሐጂያ ጎረቤታችንም በረመዳን ሳምቡሳ ስትልክ «በሞቴ እንዳይመለስ» ብላ ነው። የሰው ሞት ተጠርቶበት ማን አልበላም ይላል? እንቢ ቢል ፍቅር መግፋት ነው። ሁላችንም እርስ በእርስ በሞት እያስማልን ከሆዳችን በላይ እንበላለን። ክፍሌ የሚመጡት ሰዎች ምግብ መቀነስ አያቅታቸውም፤ የሚያቅታቸው ዘመድ ቤት ሄደው «ይበቃኛል» ማለት ነው።

እትዬ፦ ወግ ነው እኮ። እንግዳ ሦስት ጊዜ ሳይለመን ቢበላ እንዴት ይታያል? እንግዳው አውቆ ነው እንቢ የሚለው፤ እኛም አውቀን ነው የምንለምነው።

እኔ፦ ያ ወግ የተሠራው መሶቡ ውስጥ አንድ እንጀራ ሲኖር ነው። እንግዳው እንቢ የሚለው ለልጆቹ እንዲተርፍ ነበር፤ ባለቤቱ የሚለምነው አለን ብሎ ሊያኮራው ነበር። አሁን እንግዳው እንቢ የሚለው የምር ነው። የምር መሆኑን ግን ማንም አያምነውም።

እትዬ፦ (ከሰሉን በመቆስቆሻ በተን አደረጉት።) አንቺን ሳሳድግ እኔ ቀድሜ ጠግቤ አላውቅም። ለአንቺ አጉርሼ፣ የተረፈውን ነበር። ስታድጊም፣ ነርስ ሆነሽም፣ ይኼ እጄ አልለመደውም መተው። አፍሽ ሲከፈት ነው እኔ የምጠግበው። ይኼንን በምን ሒሳብ ታካፍዪዋለሽ?

(ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ሌላ ነገር አነሣሁ።)

እኔ፦ ነገ ከእኔ ጋር ጉልበትዎን ሊታዩ ሲሄዱ በእግር እስከ ዋናው መንገድ እንውረድ። ማሙሽም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ይውረድና ይምጣ፤ እርስዎ ይቀበሉታል።

እትዬ፦ እኔን ልትመዝኚኝ ሳይሆን ልታስኬጂኝ ነው በያ። ይኼ ይሻላል። ግን ልጁ በመንገድ ሲመጣ ይርበዋል።

እኔ፦ ይራበው፤ እራት ይጠብቀዋል።

እትዬ፦ ሽሮ?

እኔ፦ ሽሮ። ዘይቱ ጥግ ጥጉን የማይታይ።

እትዬ፦ ሰው ካየው ቆጠበች ነው የሚለኝ።

እኔ፦ በእኔ ያሳብቡ።

(በረካው ሳይቀዳ በሩ ተከፈተ። ማሙሽ ነው፤ ከታች ከጓደኛው ቤት መጣ። ደረጃውን ወጥቶ ላብ በላብ ሆኗል፣ ይተነፍሳል። ሲመሽ እራት ቀረበ። እትዬ እጃቸውን ታጥበው ከትሪው ጠጋ አሉና እንደ ልማዳቸው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። ወደ እኔ ተመለከቱ። ጉርሻውን ከሁለት ከፈሉት፤ ግማሹን ትሪው ላይ መለሱ። የቀረውን ልጁ አፍ ውስጥ አስገቡና እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

ማሙሽ አኝኮ ዋጠ። አልተነሣም። አፉን እንደከፈተ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ እኔን አየ።

«እማማ» አለ፤ «አንድ ያጣላል።»)